አዲሱ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ልማዱን ከማን ይማራል?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከባድ የጭነት መኪኖች በኤምሬትስ መንገድ ላይ፣ ከአል አዊር ጎዳና እስከ ሻርጃ ባለው ክፍል፣ ከአመሻሹ 11፡30 እስከ ምሽቱ 2፡00 ሰዓት (በአገሩ አቆጣጠር ከ5፡30 እስከ 8፡00) እንዳይንቀሳቀሱ ተከልክለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ከሥራ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት በመንገዱ ላይ ያለውን መጨናነቅና አደጋ መቀነስ ነው። ከመሪው ጀርባ ለተቀመጠው ሰው ግን ያው ሰዓት ሌላ ጥያቄ ያስነሳበታል። ከጀበል አሊ ጭኖ ዘግይቶ የወጣ አሽከርካሪ ክልከላው ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሁለት አማራጭ ብቻ ይኖረዋል፤ ወይ ከሰዓቱ ቀድሞ ለማለፍ ይፈጥናል፣ ወይ ማረፊያ ቦታ ገብቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠብቃል።

በሥራው የቆየ አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ መቆምን ይመርጣል። የተቀጠረ ወሩን ያልደፈነው ግን ይፈጥናል። ይህን የሚያደርገው ፍጥነት ስለሚወድ ላይሆን ይችላል፤ መቆም እንደሚፈቀድለት፣ ቢዘገይም እንደማይወቀስ በግልጽ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

የአዲስ አሽከርካሪዎች ደኅንነት በተነሳ ቁጥር ውይይቱ በማሠልጠኛ ተቋሙና በትራፊክ ፖሊስ ዙሪያ ይወሰናል። የሁለቱም ድርሻ ትልቅ ነው። ይሁንና ሠልጣኙ ከማሠልጠኛው ጋር የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከፖሊስ ጋር የሚገናኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ወራት፣ ማለትም እጅ፣ እግርና ዐይን ቋሚ ልማድ የሚይዙባቸው ወራት፣ መኪናውን በሚሰጠው፣ ጉዞውን በሚመድበውና ደመወዙን በሚያሰላው ድርጅት እጅ ናቸው። የመንገድ ደኅንነት ጥያቄም በዋናነት መመለስ ያለበት እዚያ ነው።

በጉዳዩ ላይ የተንጠለጠለው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 29 ቀን 2025 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የትራፊክ ሕግ፣ ማለትም የ2024 ፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 14፣ ለሰው ሞት ምክንያት የሆነ አሽከርካሪ በእስራትና ከ50,000 ድርሃም በማያንስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አሽከርካሪው ቀይ መብራት ጥሶ፣ በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ተመርዞ፣ ወይም መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ሳለ ያደረሰው ከሆነ እስራቱ ከአንድ ዓመት፣ መቀጮውም ከ100,000 ድርሃም አያንስም። በዱባይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 30 ቀይ መብራት የጣሰ የከባድ መኪና አሽከርካሪ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ከአገር እንዲወጣ የሚያደርግ ነው።

ከእነዚህ በታች ያሉት ጥፋቶች ትንንሽ ይምሰሉ እንጂ ድምራቸው ከባድ ነው። እየነዱ ስልክ መጠቀም 800 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ፣ ከፊት ካለው መኪና በቂ ርቀት አለመጠበቅ 400 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ፣ የደኅንነት ቀበቶ አለማሰርም እንዲሁ 400 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ያስከትላሉ። ነጥቡ 24 ሲሞላ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። በቤት መኪናው ለሚንቀሳቀስ ነዋሪ የፈቃድ መታገድ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ በመንጃ ፈቃዱ ለተቀጠረ ሰው ግን የእንጀራው፣ ከሥራው ጋር የተሳሰረው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ባሕር ማዶ ሆነው ወርኃዊ ገንዘብ የሚጠብቁት ቤተሰቦቹ ጉዳይ ነው።

አደጋው በአሽከርካሪው ላይ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 በአል አይን አንድ የጭነት መኪና የጽዳት ሠራተኞችን ከጫነ አውቶቡስ ጋር በመጋጨቱ ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ደግሞ በኤምሬትስ መንገድ ላይ ሠራተኞችን ያሳፈረ አነስተኛ አውቶቡስ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላትሞ 13 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋዎች ሟቾቹ ወደ ሥራ ወይም ከሥራ ሲጓዙ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ስለሆነም የከባድ መኪና አሽከርካሪ ልማድ መሪ ጨብጦ የማያውቀውን፣ ማለዳ በድርጅቱ አውቶቡስ የመስኮት ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋውን ሠራተኛም የሚመለከት ነው።

የ2014ቱ አደጋ አንድ ብዙም የማይወራለትን ነገር ያስታውሳል። የቆመ ከባድ መኪና ከሚሮጠው ያልተናነሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጎማ የፈነዳበት ወይም ሞተሩ የጋለበት አዲስ አሽከርካሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ መደወል ነው። መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ግን በተቻለ መጠን ከመንገዱ መውጣት፣ የአደጋ መብራት ማብራት፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ምልክት ከኋላ በበቂ ርቀት ማኖር፣ ከዚያም ራሱ ከአስፋልቱ ርቆ መቆም ነው። ይህ ሁሉ በፈተናው ላይ ይጠየቃል፤ መልሱንም ያውቀዋል። በሌሊት፣ በላብ ተጠምቆ፣ ስልኩ ያለማቋረጥ እየጮኸ ሲያደርገው ግን የመጀመሪያው ነው።

ፈተና የአንድን ሰው ዕውቀት ይለካል። ልማድ ግን ዕውቀት በሌለበት፣ ሐሳብ በተሰረቀበት ቅጽበት የሚሠራ ነገር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት መኪናው 33 ሜትር አልፏል፤ ገና ፍሬን አልተያዘም። በአየር የሚሠራው የከባድ መኪና ፍሬን አየሩ ወደ ተሳቢው ጎማዎች እስኪደርስ ተጨማሪ ቅጽበት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ነው መኪናው መቀዝቀዝ የሚጀምረው፤ እስኪቆምም ብዙ አስር ሜትሮች ይቀሩታል። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 80 ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ከሦስት አራተኛ በላይ ያድጋል። በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የከባድ ተሽከርካሪዎች የክብደትና የልኬት ሕግ ከነጭነቱ እስከ 65 ቶን የሚደርስ ክብደት ስለሚፈቅድ፣ በአንድ ሰው እግር ሥር ያለው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ከዚህ የሚከተለው ርቀት የመጠበቅ ልማድ ነው፤ አዲስ አሽከርካሪዎች ቶሎ የሚጥሉትም ይኸንኑ ነው። ረጅም ተሳቢ ያለው መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ከፊቱ ካለው የስድስት ወይም የሰባት ሰከንድ ርቀት ያስፈልገዋል። አዲሱ አሽከርካሪ በመጀመሪያው ቀን ያን ክፍተት ይተዋል። ወዲያው ትንንሽ መኪኖች ይገቡበታል። ወደ ኋላ ይላል፤ ሌላ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ርቀት መጠበቅ ሞኝነት መስሎ ይሰማውና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ይህ ስሌት ግን የተሳሳተ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 መኪኖች ቢገቡበትና ርቀቱን ለመመለስ በእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ ቢያጣ፣ በጠቅላላው የሚዘገየው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ይህን ቀላል ሒሳብ በመጀመሪያው ሳምንት ከጎኑ ተቀምጦ የሚያሰላለት ሰው ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ አሽከርካሪ «ከጎኑ የተቀመጠ ሰው» የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የከባድ መኪና ሹፍርና እውነተኛ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ረዳትነት ነበር። ወጣቱ ጎማ እየቀየረ፣ ሸራ እያለበሰ፣ ገመድ እየወጠረ ከሹፌሩ ጎን ዓመታት ያሳልፋል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት፣ በጣርማበር ጠመዝማዛ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ወደ 900 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ ላይ ሹፌሩ መቼ ማርሽ እንደሚቀንስ በጆሮው ይለምዳል። ከመነሳቱ በፊት ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ በድምፃቸው የጎደለውን ይለያል። መኪናው ወደ ኋላ ሲነዳ ከውጭ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና… ቁም!» እያለ ስፖኪዮ የማያሳየውን ለሹፌሩ ያሳየዋል። መንጃ ፈቃድ ባገኘበት ቀን መንገዱን ቀድሞ ያውቀዋል።

ይህ ወግ መልካም ገጽታ ብቻ አልነበረውም። ረዳቱ ከሹፌሩ ጥበቡን ሲወርስ ክፉ ልማዱንም ይወርሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን መልቀቅ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩ መኪናውን ማገዝ ያቆምና ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ሌላው እንቅልፍን በጫት መከላከል ነው። እዚህ ላይ ለአዲስ መጪዎች ያለ መሸፋፈን ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። በኢትዮጵያ በአደባባይ የሚሸጠው ጫት በተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም ሆነ በሳዑዲ ዓረቢያ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። በአዲሱ የኤምሬቶች የትራፊክ ሕግ በአደንዛዥ ዕፅ ተመርዞ ማሽከርከር እስራት ከማስከተሉም በላይ መቀጮው ከ30,000 እስከ 200,000 ድርሃም ይደርሳል፤ ፈቃዱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት ቢያንስ ለስድስት ወራት ይታገዳል። ከዚህም ሌላ ጫት ድካምን አያጠፋም፤ ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ። የተደበቀው ድካም የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ልብ በተዘናጋበት ቦታ ነው።

በባሕረ ሰላጤው ረዳት የለም። አሽከርካሪው ብቻውን ነው፤ አብሮት ያለው መንገድ የሚመራው ስልክና በዚያው ስልክ ላይ የሚደውልለት የስምሪት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ከኢትዮጵያ የመጣ አሽከርካሪ እንደ አገሩ በመንገዱ ቀኝ በኩል ስለሚነዳ፣ የግራውን ለምደው ከሕንድና ከፓኪስታን ከሚመጡ ብዙ ባልደረቦቹ ይልቅ በዚህ ረገድ ይቀለዋል። የመንገዱ ጠባይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በአገሩ ከብት፣ ጋሪ፣ እግረኛና ጠባብ ድልድይ ዐይኑን ሲያነቁት ይውሉ ነበር። እዚህ ስፋቱና ቅናቱ ራሱ ያስተኛል።

እንቅልፍ የመንፈስ ድክመት አይደለም፤ የሰውነት ሥርዓት ነው። ሰውነት በተፈጥሮው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ባሉት ሰዓታት፣ ደግሞም ከምሳ በኋላ ባለው ጊዜ ይዝላል። ዐይን ለአራት ሰከንድ ብትከደን 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚጓዝ መኪና 89 ሜትር ያህል ያለ አሽከርካሪ ሄዷል ማለት ነው። መስኮት መክፈት፣ ዘፈን ማስጮህ፣ ፊትን በውኃ ማራስ ጥቂት ደቂቃዎችን ቢያስገኙ ነው። የሚሠራው መድኃኒት አንድ ነው፤ በተፈቀደ ቦታ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ያህል መተኛት። በረመዳን ጾመኛው አሽከርካሪ ከመግሪብ በፊት ባሉት ሰዓታት ምግብም ውኃም አላገኘም፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ኦርቶዶክሳዊ ባልደረባውም በዚህ ሙቀት ተመሳሳይ ፈተና አለበት። ጾምን ያከበረ የስምሪት ክፍል ረጅሙን ጉዞ በማለዳ ያደርገዋል። ይህን ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም፤ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ብቻም አይደለም። ከፉጃይራና ከራስ አል ኸይማ ተራሮች ድንጋይና ጠጠር የሚያመላልሱ ገልባጮች ሙሉ ጭነት ይዘው ቁልቁለት ይወርዳሉ። የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ያውቀዋል፤ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ የሞተሩ ፍሬን ዋናውን ሥራ ይሠራል፣ የእግሩ ፍሬን ለእርዳታ ይቀመጣል። በሜዳ ከተማ ሠልጥኖ በሜዳ ከተማ ለተፈተነ አዲስ ሰው ግን ይህ በወረቀት ላይ ያነበበው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በመጀመሪያው ወር ወደ ተራራው ብቻውን የሚልክ ድርጅት ትልቅ ዕዳ እየገባ ነው።

በበጋ ደግሞ ጎማ አለ። ሁለት ሆነው ከተጣመሩት የኋላ ጎማዎች የውስጠኛው ነፋስ ቢጎድለው ከውጭ አይታይም፤ ጭነቱን ጎረቤቱ ይሸከምለታል፣ እርሱ ግን እየተሻሸ ይግላል። በጋለው አስፋልት ላይ ከረጅም ጉዞ በኋላ ይፈነዳል፤ አንዳንዴም እሳት ይነሳል። ነፋሱ መለካት ያለበት ማለዳ፣ ጎማው ሳይግል ነው። የክረምቱ ወራት የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ጉም። ጉም ሲበረታ የአቡ ዳቢ ፖሊስ በመንገዶቹ ላይ የፍጥነት ወሰኑን ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያወርዳል፣ የከባድ መኪኖችንም እንቅስቃሴ ያግዳል። መልእክቱ የሚታየው በመንገድ ሰሌዳና በስልክ ነው። ሰሌዳውን ቶሎ ማንበብ ለማይችል ሰው ከፊቱ ያሉት ከባድ መኪኖች ወደ ዳር ሲወጡ ማየት ራሱ በቂ ምልክት ሊሆነው ይገባል።

አሁን ወደ ስምሪት ክፍሉ እንመለስ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚያ ነውና። በከባድ መኪና ሥራ ውስጥ ከመነሻ ደመወዝ በላይ በምልልስ ብዛት መክፈል የተለመደ አሠራር ነው። አሠሪው የሚፈልገው ሥራ እንዲሠራ ነው፤ ሠራተኛውም በትጋቱ ልክ ማግኘት ይፈልጋል፤ በዚህ ነቀፋ የለም። ችግሩ ክፍያው ለመኪናው መንከባለል ብቻ ሲሆን ነው። በወደብ በር ላይ ሰልፍ ይዞ የሚያልፈው ሦስት ሰዓት አይከፈልም፤ ማለዳ ጎማ ለመፈተሽ የሚወስደው ሃያ ደቂቃ አይከፈልም፤ በክልከላው ሰዓት ቆሞ የሚጠብቀው ሁለት ሰዓት ተኩልም አይከፈልም። አሽከርካሪው ያልተከፈለውን ጊዜ በመንገድ ላይ በፍጥነት ሊያካክሰው ይሞክራል። በግድግዳው ላይ «ደኅንነት ይቀድማል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ፣ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ቶሎ የደረሰ ይቀድማል የሚል ስሌት ከሰፈረ፣ አዲሱ ሠራተኛ የሚያምነው የደመወዝ ወረቀቱን ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የሥራ ግንኙነትን የሚመራው የ2021 ፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 33 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል፤ ለአንዳንድ ዘርፎች የተለየ ሥርዓት ሊኖር ቢችልም፣ ትርፍ ሰዓት ተጨምሮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ144 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበትም ይደነግጋል። በአውሮፓ ኅብረት አሽከርካሪው አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ ሰዓቱንም በመኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ይመዘግበዋል። በአሜሪካ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በተሰማሩበት የረጅም ርቀት ጭነት ሥራ፣ ጭነት የሚያጓጉዝ አሽከርካሪ በ14 ሰዓት የሥራ ጊዜ ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ሊሠለጥኑበት የሚገባ ወጥ ሥርዓት ተደንግጓል፤ ሆኖም ድንጋጌው ሠልጣኙ በመሪው ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ እንዳለበት አልወሰነም፣ ብቃቱን ለአሠልጣኙ ፍርድ ትቶታል። ከፈቃዱ በኋላ አዲሱን ሰው ከልምድ ባለቤት ጋር ለሳምንታት አጣምሮ መላክ በብዙ ትልልቅ ድርጅቶች የተለመደው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በሌላ ስም የተጠራ ረዳትነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የባሕረ ሰላጤው ድርጅቶች ያንን አሠራር ለመውሰድ የሚያግዳቸው ነገር ብዙ አይደለም። አንድን ልምድ ያለው አሽከርካሪ ለአራት ሳምንት ከአዲሱ ጎን ማስቀመጥ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ ነው፤ የተገለበጠ ተሳቢ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከጎን የሚቀመጠው ሰው ግን በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባል። ብዙ ዓመት የነዳ ሁሉ መምህር አይሆንም፤ አንዳንዱ ሃያ ዓመት ሙሉ በዕድል የተረፈ ነው።

በመኪናው ውስጥ የሚገጠሙት ካሜራዎችና የመከታተያ መሣሪያዎች ሌላው መንገድ ናቸው። የዱባይ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን የአውቶቡስ አሽከርካሪዎችን ድካም በሚከታተል ሥርዓት መጠቀም ከጀመረ ቆይቷል፤ በጭነት ድርጅቶችም ተመሳሳይ መሣሪያዎች እየተለመዱ ነው። ብዙ አዲስ አሽከርካሪዎች ካሜራውን እንደ ሰላይ ያዩታል፤ ስሜታቸው የሚገባ ነው። ነገር ግን ድንገት ገብቶ ፍሬን የያዘ መኪና አደጋ ሲያስከትል፣ ቋንቋውን በቅጡ ለማይናገር ሰው የሚመሰክርለት ያው ካሜራ ነው። መሣሪያው ጥቅም የሚሰጠው ግን ቅጂውን አይቶ ከአሽከርካሪው ጋር የሚነጋገር ሰው ሲኖር ነው። በወር መጨረሻ ከደመወዝ የሚቀነስ ቅጣት ብቻ ይዞ የሚመጣ ካሜራ ሰዎች እንዲሸፍኑት እንጂ እንዲታረሙ አያደርግም። በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጉድለት ብቻ፣ ለምሳሌ ይህ ሳምንት ስለ ርቀት፣ ቀጣዩ ስለ ስልክ፤ ልማድ የሚለወጠው በእንዲህ ያለ ትንሽ በትንሽ ሥራ ነው።

በግቢ ውስጥ የሚደርሱ አደጋዎች ከዜና ውጭ ቢሆኑም ለአዲስ ሰው ቅርብ ናቸው። በሙሳፋህም ሆነ በአል ቁዝ መጋዘኖች መካከል መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ከኋላው የሚያልፈው ዕቃ የሚያወርደው ሠራተኛ ነው። ጩኸት የሚያሰማው መሣሪያ ሁልጊዜ ስለሚጮህ ማንም አይሰማውም። ወርዶ ማየት፣ ከዚያም የሚመራ አንድ ሰው ብቻ መድቦ እርሱ ከስፖኪዮው ሲሰወር ወዲያው መቆም፤ የአገር ቤቱ «ና፣ ና፣ ቁም» ዛሬም የሚበልጠው የለም። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ደግሞ በቀኙ ጎን ዐይን በማይደርስበት ቦታ ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ ሊኖር ይችላል፤ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ይልቅ ኩርባውን አጥብበው ስለሚያልፉ አደጋው የሚደርሰው በዚያ ነው።

ጭነቱም የራሱ ምስጢር አለው። የታሸገ ኮንቴይነር የሚጎትት ሰው ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ አላየም። ቦቴ የሚነዳው ፍሬን በያዘ ቁጥር ፈሳሹ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በግማሽ የተሞላው ከሙሉው ይልቅ ያስቸግራል። በአደባባይና ከአውራ ጎዳና በሚያወጡ ኩርባዎች ላይ የሚገለበጡ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚገለበጡት ለቤት መኪና ምንም በማይመስል ፍጥነት ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው።

አዲሱ አሽከርካሪ ራሱ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ጥያቄ ከአቅሙ ጋር መመዘን አለበት። ዕዳ ተበድሮ የመጣ፣ ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ሰው «ፍሬኑ ልክ አይደለም፤ አልነዳም» ለማለት ድፍረት ይጠይቀዋል። ቢሆንም መንገድ አለው። ጉድለቱን በቃል ብቻ ከመናገር ይልቅ ፎቶ አንስቶ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለስምሪት ክፍሉ በጽሑፍ መላክ፣ መልሱንም ማስቀመጥ ይችላል። የተበላሸ መኪና እንዲነዳ ከተገደደ ወይም ዕረፍት ከተከለከለ ለሰው ሀብትና የኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብ መብቱ ነው። መሪው ላይ የተቀመጠው እርሱ በመሆኑ ከአደጋ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ያቺ ከሦስት ሳምንት በፊት የተላከች ፎቶ ያን ጊዜ ትልቅ ቦታ ይኖራታል።

የዱባይ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን በዋና ዋና መንገዶች አጠገብ ለከባድ መኪኖች ማረፊያ ቦታዎችን አዘጋጅቷል፤ የክልከላው ሰዓት ሲደርስ መግቢያ አላጣም ማለት ነው። አሁን በአገር ቤት ሆኖ ለዚህ ሥራ የሚዋዋል ሰው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ከደመወዙ መጠን ጎን ለጎን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ክፍያው በወር ነው ወይስ በምልልስ? በወደብና በክልከላ ሰዓት የሚቆመው ጊዜ ይታሰባል ወይ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብሮት የሚጓዝ ልምድ ያለው ሰው ይመደብለታል? የትራፊክ መቀጮ ሲመጣ፣ በተለይ ከመጠን በላይ የጫነው ሌላ ሰው ሲሆን፣ ከማን ይቆረጣል? መልሶቹ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ሰፍረው ቢገኙ ይመረጣል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ተቀጣሪው የሥራ ቦታው ላይ ሲደርስ የሚያስታውሰው ሰው ላይኖር ይችላል።